የተከለ ይንቀል

የመጻሕፍት አውቶብስ ሹፌር ነኝ፤ መጽሐፍ የማውሰውም እኔው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰሜን ባለው በካይኑ አውራጃ ገጠር ከመንደር መንደር ስዞር አንድ ደንብ ጠብቄ ኖሬአለሁ፤ ሰው የሚያነበውን አላይም። አንዲት ሴት ስለ ፍቺ የተጻፈ መጽሐፍ ብትዋስ ቀና ብዬ ፊቷን አላይም። ባሏ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ ያንኑ መጽሐፍ ቢጠይቅ «ወጥቷል» እላለሁ እንጂ ማን እንደወሰደው ከአፌ አይወጣም። ሰዎች በዚህ ጠባዬ ይወዱኛል፤ እኔም ጨዋነት ነው እያልኩ ስኮራበት ኖርኩ። ጨዋነት አልነበረም። ፈሪ ነኝ። ስሜ ቬይኮ ይባላል።

ኩርኪኒየሚ ሐይቅ ዳር ያለች መንደር ናት፤ አዋቂው ሁሉ ቢቆጠር ከአርባ አይበልጥም። በእኛ ዘንድ አንቱታ የለም፤ ቄሱም ሚኒስትሩም «አንተ» ነው። ከአንቱታ የጠነከረ ሌላ ወግ ግን አለን፤ የሰው ቁስል አንነካም። ጎረቤት ቢሰክር፣ ትዳሩ ቢፈርስ፣ ልጁን ቢቀብር፣ እንጨት ፈልጠን ደጁ ላይ ቆልለንለት እንሄዳለን እንጂ ምን ሆንክ ብለን አንጠይቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኛ መንደር ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል፤ ውስጡን ገልጦ የሚያይ ስለሌለ ነው።

ክረምት ሲገባ ሐይቁ ወደ በረዶ ይረጋና መንገድ ይሆናል። በረዶ ላይ የሚንሸራተተውን የበረዶ ሞተር የምንነዳ ሰዎች ማኅበር አለን፤ እሱም በረዶው በጠነከረበት መስመር ላይ የጥድ ችካል ይተክላል፤ ሰው ሁሉ ችካሉን እየተከተለ ከዳር ዳር ይሻገራል። ኤፕሪል ላይ ፀሐይ ሲበረታ በረዶው ከሥር መበስበስ ይጀምራል፤ ያኔ ችካሎቹ መነቀል አለባቸው። ችካል ካለ መንገድ አለ ማለት ነውና። ሥራው በነፃ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ድርሻ አለው። ከሁሉ የሚያስፈራው ሙስታሳልሚ የተባለው ጠባብ የሐይቁ አንገት ነው፤ ከሥሩ ውኃ ስለሚፈስ በረዶው ቀድሞ የሚሳሳው እዚያ ነው። አንድ ዓመት ሙስታሳልሚ የደረሰው ለእኔ ነበር። አርባ ችካል ነው፤ ቢበዛ የሁለት ሰዓት ሥራ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አውቶብሱን ስለምነዳ ቅዳሜ እነቅለዋለሁ ብዬ አሳደርኩት።

ኦውቲ ቶሎነን ሐሙስ ጠዋት ሞተች። እዚያው መንደር የምትኖረው የሄልቪ አንድ ልጅ ነበረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሥራዋ ከቤት ቤት እየዞሩ አረጋውያንን ማስታመም ነበር፤ ያን ቀን ከሐይቁ ማዶ ላለ አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ይዛ በሞተሯ ወጣች፤ ችካሉን ተከትላ ሙስታሳልሚ ስትደርስ በረዶው ከሥሯ ተሰበረ። ማክሰኞ አውቶብሱ ላይ መጥታ መጽሐፍ መልሳ ነበር። የሙስታሳልሚን ችካል መቼ ነው የምትነቅለው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ቅዳሜ አልኳት። ሁለት መጽሐፍ ተውሳ ወረደች። መጻሕፍቱን እናቷ በቀናቸው መለሰቻቸው።

ፖሊስ መጣና ጠየቀ። ችካል የተከለ ሰው በጊዜው እንዲነቅል የሚያስገድድ ሕግ አለ ወይ? የለም። እንግዲያው የሚጠየቅ ሰው የለም ተባለና ፋይሉ ተዘጋ። በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ደውላ የጠራችኝም ሄልቪ ራሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ስለ ችካሉ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። እኔም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ እውነትም ፈጀው።

ሦስት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ፣ መንግሥት ያልተሰማ ነገር አመጣ። የበረዶ ሞተርን ሕግ እንደገና ሊጽፍ ነው፤ ግን ከሹማምንቱ በፊት ሕዝቡ በኢንተርኔት ይጻፍልኝ አለ። ድረ ገጽ ተከፈተ። ማንም ሰው ገብቶ ምን እንደቸገረውና ምን አንቀጽ እንደሚፈልግ ይጽፋል፤ ሌላው ያርማል፣ ይከራከራል። በእኛ መንደር የስልክ ሽቦው ተነቅሎ ከሄደ ቆይቷል፣ የሞባይሉ ሞገድም ኮረብታ ላይ ካልወጡ አይገኝም። ስለዚህ ኩርኪኒየሚ ከመንግሥት ጋር የምትነጋገረው በእኔ አውቶብስ ሆነ፤ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ባለችው አንዲት ኮምፒውተር።

አንድ ማክሰኞ ሄልቪ የሱፍ ኮፍያዋን አውልቃ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ስታድል የኖረች ሴት ናት፣ ጣቶቿ አሁን አይታዘዟትም። እሷ እንድትናገር እኔ እንድጽፍ ጠየቀችኝ። ደንቤን ጠቅሼ ላመልጥ አሰብኩ። ምን ልበላት? ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ጻፍ» አለችኝ። «በሐይቅ በረዶ ላይ የመንገድ ችካል የተከለ ሰው፣ በረዶው ሳይሳሳ ራሱ ይንቀል። ሳይነቅል ቀርቶ ሰው ቢጎዳ ይጠየቅበት።»

ጻፍኩ። ቁልፎቹን በኃይል እየመታሁ ጻፍኩ። በስሟ ይወጣ እንደሆነ ወይስ እንደ ሌሎቹ የሐሰት ስም ትመርጥ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እናቴ ያወጣችልኝ ስም ምን ሆነ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ በመጣሁ ቁጥር የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እሷ ሆነች። ከአገሩ ዳርቻ ሁሉ ሰው ይጽፍላታል። ራሱን «ጥርስ የለሽ ዓሣ» ብሎ የሰየመ አንድ የደቡብ ሰው፣ እንዲህ ከሆነማ በነፃ ችካል የሚተክል አንድ ሰው አይገኝም ብሎ ወረፋት። ሄልቪ ለካ ክርክር ታውቃለች። ጥርስ የሌለው ዓሣ ስለ መንከስ ባይመክር ጥሩ ነው ብለህ ጻፍለት አለችኝ። ሰውየው ሳቀና ይቅርታ ጠየቀ፤ አንቀጹን ማሳመር ጀመሩ። በረዶው ስንት ጣት ሲሳሳ፣ ማን ሰርስሮ ሲለካ፣ ማኅበሩ ለሠራተኛው ምን ዓይነት ዋስትና ሲገባለት፣ እያሉ ሁለቱ ሲመላለሱ ጸደይ አለፈ። ከሚኒስቴሩ የተመደበች አንዲት ልጅ «ወይዘሮ ቶሎነን፣ ሐሳብዎ ለረቂቁ በጣም ጠቃሚ ነው» ብላ፣ በእኛ ዘንድ በሌለው አንቱታ፣ ጻፈችላት። ሄልቪ አሳተመችውና ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ለጠፈችው አሉ። ልጇ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት በዚያ ወራት ነው። እኔ ደግሞ የገዛ ክሴን በገዛ እጄ ቃል በቃል ሳሳምር ከረምኩ፤ ይባስ ብሎ ጥሩ አድርጌ ጻፍኩት።

በሴፕቴምበር የመጨረሻው ዙር መጣ። ከእያንዳንዱ ሐሳብ ሥር «እደግፋለሁ» የሚል ምልክት ተቀመጠ። እስከ ወሩ ማብቂያ ሠላሳ ሰው የተጫነለት ሐሳብ ወደ አርቃቂዎቹ ጠረጴዛ ይሄዳል፣ ያልሞላለት ይቀራል። የተጫነ ሰው ስም ለሁሉም ይታያል። ሠላሳ ሰው ምን አላት? ኩርኪኒየሚ ብቻዋን አርባ ሰው አላት፤ አርባውም ኦውቲን ከልጅነቷ ያውቋታል፣ ሩቡን እሷ ያስታመመችው ነው።

መጡም። አውቶብሱ ላይ እየወጡ ገጹን አስከፈቱኝ፣ መነጽራቸውን ሰክተው የሄልቪን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ገጹን ዘግተው ስለ አየሩ አውርተው፣ ጭቃው ዘንድሮ ባሰ ብለው ወረዱ። እኔ ደንቤን አክብሬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆሜ ነበር። ግን ሰው «እደግፋለሁ» የሚለውን ሲጫን ኮምፒውተሩ ትንሽ ድምፅ ያሰማል፤ ያን ድምፅ አልሰማሁም።

ነገሩን የገለጠልኝ ካውኮ ነው። ካውኮ የበረዶ ሞተር ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ አፉ ስለት፣ ሆዱ ቂቤ። ሄልቪ ሚኒስትር ልትሆን ነው፣ እኛን ሁላችንን እስር ቤት ልታስገባን ነው እያለ ሲያሾፍ ከርሞ ነበር። አውቶብሱ በር ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ እያራገፈ፣ ከተማ ልጁ ቤት በሄደ ጊዜ ለሄልቪ እንደተጫነላት ነገረኝ።

«አንተ?» አልኩት።

«እኔ። እንዲያ ሳሾፍባት ከርሜ ተጫንኩላት። ከዚህ መንደር እኔ ብቻ ነኝ።»

ሌሎቹ ለምን እንደተዉት የማላውቅ መስዬ ጠየቅኩት። ካውኮ ትክ ብሎ አየኝ።

«ባንተ ፊት፣ ባንተ ኮምፒውተር፣ ባንተ ላይ እንዲጫኑ ነው የምትፈልገው? ሰዉ አንተን ላለማሳፈር ነው የተወው። ስምህን ብታስገባ እኮ ሁሉም ይከተልሃል። ቀዳሚው አንተ ነህ መሆን ያለብህ፣ ቬይኮ።»

ይህን ባልሰማ ኖሮ አላወቅኩም እል ነበር። ሰማሁ። ያን ዕለት መኪናውን አቁሜ ገጹን ከፈትኩ፣ ማውሱን «እደግፋለሁ» ላይ አደረግኩና ተቀመጥኩ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አንድ ያማረ ሐሳብ መጣልኝ። ነገሩ ይነካኛል አልኩ። የሚነካው ዳኛ ከችሎት ይነሳል፤ የሚነካው የምክር ቤት አባል አዳራሹን ለቅቆ ይወጣል። በእኛ አገር ይህ ትልቅ ምግባር ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ የአጎቱ ልጅ መሬት ሲነሳ ወንበሩን ገፍቶ የማይወጣ ሰው የለም። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ራሴን አገለልኩ። ገጹን ዘጋሁና ሞተሩን አስነሳሁ። የዚያን ዕለት ቀለል ብሎኝ እንደነዳሁ አልክድም፤ ዛሬም ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የመጨረሻው ማክሰኞ ደረሰ። ቀነ ገደቡ ሰኞ ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ መንደሩ አልመለስም። ሄልቪ መጣች፣ ዝርዝሩን አስከፈተችኝ። ሃያ ስምንት ስም ነበረ፤ ሃያ ሰባቱ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጥርስ የለሹ ዓሣ አለበት፣ ባሏ እንደ ኦውቲ የሰጠመባት አንዲት የባሕር ዳር ሴት አለችበት፣ የሰሜን ጫፉ የላፕላንድ ዓሣ አጥማጆች አሉበት። ካውኮም አለ። የሄልቪ ስም ግን የለም። ራስን ማወደስ ይገማል የሚባልበት አገር ነውና የገዛ ሐሳቧን መደገፍ አፍራ ነው ብዬ አሰብኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ መጻሕፍት መደርደር ጀመርኩ። ብዙ ቆየች፤ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ስታንከባልል ማውሱ ይሰማኛል።

«ቬይኮ» አለች። «ይኼን ነገር አንተ አይተኸዋል?»

«ታውቂኛለሽ፣ ሄልቪ። የደንበኛ ነገር አላይም» አልኩ።

ከስድስት ወር በላይ እያንዳንዷን ፊደል የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን እሱን አላነሳችብኝም። የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆልፋ፣ ደረጃውን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች።

ሰኞ ዕለት ሳጣራው ሃያ ስምንት ላይ ተዘግቷል።

በሚቀጥለው ዓመት ሚኒስትሩ ተቀየረ፤ አዲሱ ደግሞ ሕጉን ከነጭራሹ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሠላሳ የሞላላቸውም ያልሞላላቸውም እኩል ተቀበሩ። ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ወራት የጻፈው ከንቱ ቀረ። ካውኮ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ብትጫንም ባትጫንም አንድ ነበር አለኝ። ለጥቂት ሳምንት ይህን ቃል እንደ ማስታገሻ ስውጠው ቆየሁ። አልሠራልኝም፤ እኔ ሳልጫን ስቀር ሕጉ መሳቢያ እንደሚገባ አላውቅም ነበርና።

በተከታዩ ማርች መጨረሻ፣ በረዶው ገና ሦስት ስንዝር ውፍረት እያለው፣ የሙስታሳልሚን አርባ ችካል ብቻዬን ነቀልኩ። ተራዬ አልነበረም፤ ከጊዜውም ሳምንታት ቀድሜአለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ችካሎቹን በሞተሬ ጎትቼ ሄልቪ ደጅ ሄድኩ፣ በሩን አንኳኳሁ። ከፈተችና መቃኑ ላይ ቆመች። ግባ አላለችኝም። በእኛ አገር ጠላትም ቢመጣ ቡና ይቀዳለታል፤ እኔ ግን አልተቀዳልኝም።

ያሰብኩትን ሁሉ ረስቼ፣ አልተጫንኩም አልኳት። አንድ ጊዜ ከፍቼው ነበር፤ ፈርቼ ዘጋሁት አልኳት። ማልቀሴን ያወቅኩት ጺሜ ላይ ሲቀዘቅዝ ነው።

«አውቃለሁ» አለች። «ዝርዝሩን በየጊዜው የማስከፍትህ ለምን ይመስልሃል? ስንት እንደሞላ ቆጥሬ አላውቅም። ያንተን ስም ነበር የምፈልገው። የራሴንም ያላስገባሁት ካንተ ቀጥሎ ይሁን ብዬ ነው።»

ሃያ ስምንት፣ እኔ ሃያ ዘጠኝ፣ እሷ ሠላሳ። ይህን ሒሳብ እዚያው ደጇ ላይ ቆሜ ሠራሁት፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሠራሁት እንጃ።

ችካሎቹን አሳየኋት። ነቅያቸዋለሁ አልኳት፣ ሁሉንም። ሄልቪ አሻግራ አየቻቸው።

«ያን ጊዜ ቅዳሜ ልትነቅላቸው ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፤ ቅዳሜ።»

«ኦውቲ ስትወጣ በረዶው አያስተማምንም፣ በመኪና ዙሪ ብያት ነበር» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ቬይኮ የሚነቅለው ቅዳሜ ነው፣ እሱ ቅዳሜ ካለ እስከ ቅዳሜ ይችላል ማለት ነው አለችኝ። ሳቀችብኝ፤ ሄደች።»

ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የቤተ መጻሕፍት መታወቂያዋን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ለካ ይዛው ነበር የምትጠብቀኝ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ኩርኪኒየሚ አቆማለሁ። መርሐ ግብሩ ሃያ ደቂቃ ይላል፤ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሄልቪ አትመጣም፤ ሌላውም ሰው እየቀነሰ ሄዷል። ገጹ እስከ ዛሬ አልጠፋም። እከፍተዋለሁ፣ በሄልቪ ቶሎነን ስም የተጻፈውን አንቀጽ አነባለሁ፣ «እደግፋለሁ» የሚለውን እጫናለሁ። የድጋፍ መስጫው ጊዜ አልፏል ይለኛል። ሰዓቴ ሲደርስ ሞተሩን አስነስቼ ወደሚቀጥለው መንደር እሄዳለሁ።